ከሥራቸው ቀይ የነበሩ ሦስት ኩባያዎች

መክሊት፣ እንዴት ዋልሽ? አይ፣ አትውረጂ፤ እዚያው ፖንቴሽ ላይ ሁኚ፤ እኔ ከታች ሆኜ ባወራሽ ይሻለኛል። ዝናቡ ዛሬ እስከ ቀትር ታገሠሽ አይደል? የሚዛን ከተማ ሰማይ ለእንግዳ እንዲህ አይራራም ነበር... ሳይወድሽ አልቀረም። ቀለሙስ ደረቀልሽ? ዘበኛው የትናንቱን ሰማያዊ ነክቶ እስካሁን እጁን በሳሙና ያሻል። ምሳ በልተሻል? ካልበላሽ አማን መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ምግብ ቤት አለች፤ ባለቤቷ አስካለች ትባላለች። ሽሮዋ ያስለቅሳል። ሳህኗ ደግሞ መስታወት ነው። ዕቃ ማጠብ ላይ የሷን ያህል የበረታ ሰው በዞኑ ውስጥ የለም። ከዚህ ኮሌጅ የተባረረችውም በዚሁ ነው... በጣም አጽድታ።

እዚያ ጥላ ሥር ወንበር ላይ ያስቀመጥሻቸው ጋሼስ ደህና ናቸው? ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። አይ፣ አይመልሱልኝ፤ መልክዎን እየሳለችዎት ነው፤ አሁን አፍዎን ቢከፍቱ ግድግዳው ላይ ተከፍቶ ይቀራል። እንዲሁ እንዳሉ ይሁኑ። ከረባትዎም አምሮብዎታል። እኛ የምንጫወተው የድሮ ጨዋታ ነው፤ እርስዎን የሚመለከት አንዳች ነገር የለበትም። ስለ ሌላ ሰው ነው። ስሙን እንኳ አላነሣም፤ ስም ከተነሣ ሐሜት ይሆናል... እኔ ደግሞ ሐሜት አልወድም።

እውነቴን ነው መክሊት፣ ግድግዳሽ ልብ ይነካል። እነዚህ ሁለት ትልልቅ መዳፎች፣ ውሃ ሊቀበሉ እንደተዘረጉ... ከስብርባሪ ኩባያ መሠራታቸው ደግሞ። ከወጥ ቤቱ ጀርባ ካለው ጉድጓድ ቆፍረሽ አወጣሻቸው አሉኝ። ነጭ፣ ከንፈሩ ሰማያዊ። ገና ከበሩ ሳያቸው ነው ያወቅኳቸው። ሃያ ስምንት ዓመት አፈር ውስጥ ተቀብረው ቀለማቸው አልለቀቀም። እኔ ፀሐይ ላይ ቆይቼ ይኸው ጠጉሬ ነጣ።

ኮሚቴው ታሪኩን ነግሮሻል መቼም። በዚህ ኮሌጅ ድሮ እንደ ርኩስ ይቆጠሩ የነበሩት የማንጆ ጎሳ ልጆች ከሌላው ተማሪ ጋር በአንድ ኩባያ እንዳይጠጡ ይደረግ ነበር፤ አንድ ደፋር ኃላፊ ግን ተነሥተው፣ መድልዎን በመቃወም ኩባያዎቹን ሰባበሩ... ነው ያሉሽ? ጥሩ ነው። ያምራል። የደፋሩ ሰው ፊት ከመዳፎቹ በላይ ይገባል፤ ከሥሩ ደግሞ አንቺ በጥቁር ቀለም ምስክርነት ትጽፊያለሽ። ምስክሩ እኔ ነኝ። ይኸው ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነው። «ኩባያዎቹ መድልዎን በመቃወም ሲሰበሩ በዓይኔ አይቻለሁ» ይላል፤ ለፊርማዬ ነጥብ ነጥብ ተደርጎልኛል። ሪባኑ የሚቆረጠው ነገ ነውና ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይፈልጉታል።

ከፈረምኩ ስጦታ አለኝ። ከማህደሬ ውስጥ አንዲት ደብዳቤ ይወጣልኛል። በ1989 ዓ.ም. ከዚህ ኮሌጅ ያባረረችኝ ደብዳቤ። የትም ባመለክት ማህደሬ ሲጠየቅ ቀድማኝ ትደርስ ነበር። ኋላ በክረምት ትምህርት እየተማርኩ በታሪክ ዲግሪ ያዝኩ፤ ሸዋ ቤንች ወረዳ አስተማሪ ሆንኩ። አሥራ አምስት ዓመት ካስተማርኩ በኋላ ርዕሰ መምህር ሁን አሉኝና ማህደሬን ከፈቱ... እሷ ናት ከላይ። የኮሌጅ ንብረት አጥፍቶ የተባረረ ሰው ትምህርት ቤት እንዴት ይረከባል ተባለ። እውነታቸውን ነው። ትነሣልኝ ብዬ የጻፍኩት ማመልከቻ ቢሰበሰብ አንቺ ሌላ ግድግዳ ትሸፍኝበታለሽ። አሁን በአንድ ፊርማ ልትነሣልኝ ነው። ደግ ሰዎች ናቸው፤ እግዜር ይስጣቸው።

ባለፈው ሳምንት ለዚሁ ጉዳይ ቢሮ ጠሩኝ። አቀባበላቸው ግሩም ነበር። ወንበር ተሳበልኝ፣ ሻይ ታዘዘ። ለኮሚቴው አባላት በብርጭቆ መጣላቸው፤ ለኔ በወረቀት ኩባያ። ያቺ ተጠጥቶባት የምትጣለው። ዘመናዊ ናት አይደል? አቃጠለችኝ እንጂ... ለንጽሕና ነው አሉኝ። እኔም ጠጥቼ ጨርሼ፣ ሰብሳቢውን ላለማስቸገር ራሴ ቅርጫት ውስጥ ጣልኳት። ሰው ሰው የሚያሰኘው እንዲህ መግባባት ነው።

እንግዲህ ልፈርም ነው የመጣሁት። ግን የታሪክ አስተማሪ ነኝና፣ ከመፈረሜ በፊት ላንቺ ያልተነገሩሽ ትንንሽ ነገሮች አሉ። ለቀለም ምርጫሽ እንኳ ይጠቅሙሻል።

ያን ጊዜ የተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊ የነበሩት ሰው... እንዴት ያሉ ሥርዓት ዐዋቂ መሰሉሽ። ገና ወጣት ነበሩ። በሚዛን ጭቃ ጫማ ሳያቆሽሹ መሄድ ተሰጥኦ ነው፤ እሳቸው ያ ተሰጥኦ ነበራቸው። ጊዜው ሕገ መንግሥቱ በወጣ በሁለት ዓመቱ ነው። ሰንደቅ ዓላማ ሥር አሰልፈው፣ ሁሉም ሰው እኩል ነው የሚለውን አንቀጽ ያስረዱን ነበር። ታዲያ ሕግ አክባሪ ናቸውና ለማንጆ ልጅ የተለየ ኩባያ አይሰጥም አሉ። አልሰጡምም። አንድ መቶ ሃያ ኩባያ፣ ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም ከንፈሩ ሰማያዊ። የማንጆ ተማሪዎች ሦስት ነን። እኛ የጠጣንበት ሌላው ዘንድ እንዳይሄድ እንግዲህ ምን ይደረግ? አንቺ ሠዓሊ ነሽ፤ ምን ታደርጊ ነበር?

እሳቸው ሳዲቅ ሱቅ ሄዱና አንዲት ብልቃጥ ቀይ የጥፍር ቀለም ገዙ። ሳዲቅ ዛሬም ሲያወራው ይስቃል። «ሠርግ ሊሆን ነው እንዴ?» ብላቸው «የመንግሥት ሥራ ነው» አሉኝ ይላል። ከዚያ የሦስቱን ኩባያ ቂጥ... ይቅርታሽን፣ ሌላ ስም የለውም... ቀይ አድርገው ቀቡት። ከላይ ብታዪው ሁሉም እኩል ነው። ልዩነቱ የሚታየው ገልብጦ ለሚያይ ብቻ ነው። አሁን ይሄ ጥበብ አይደለም? ካንቺ ሙያ ጋር እኮ ይቀራረባል። እንዲህ ያለ እጅ ያለው ሰው ዕድሜውን በቢሮ ሥራ መፍጀቱ ያሳዝናል።

እኛም ለመድነው። ሻይ ከመቀዳቱ በፊት ኩባያችንን ወደ ላይ አንሥተን ከሥሩ እናያለን፣ ቀይ ከሆነ የኛ ነው። ከውጭ አገር የመጡ አንድ የእንግሊዝኛ አስተማሪ፣ ሦስታችን ኩባያ አንሥተን ሽቅብ ስናይ የምንጸልይ መስሏቸው ቆመው ይጠብቁን ነበር።

አንድ ቀን ከክልል እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። እሳቸው ዕቃ አጣቢዋን፣ ያችን አስካለችን፣ ጠርተው «ኩባያዎቹ እንዲያብረቀርቁ እፈልጋለሁ፤ አንድም እድፍ እንዳላይ» አሏት። ለአስካለች የአለቃ ቃል ማለት... በአመድና በአሸዋ ፈትጋ ፈትጋ አንድ መቶ ሃያውንም አዲስ አስመሰለቻቸው። እንግዶቹ መጡ፣ ጠጡ፣ ንጽሕናውን አመሰገኑ፣ ተጨበጨበ። ሲሸኙ እሳቸው አንዱን ኩባያ ገለበጡ... ነጭ። ሌላ ገለበጡ... ነጭ። መክሊት፣ አንድ መቶ ሃያ ኩባያ አንድ በአንድ ሲገለብጡ በመስኮት አይቻለሁ። ላባቸው በአፍንጫቸው ጫፍ ይንጠባጠባል። አንድም እድፍ እንዳላይ ብለው ነበር፤ አላዩም።

አሁን የትኛው ነው የኛ? የክልሉ ኃላፊ የጠጡበት ይሆን? እሳቸው ራሳቸው የጠጡበትስ? ሥልጣን ከባድ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ተቀላቅሏል፣ በቃ ይሁን ብሎ ይተወው ነበር። እሳቸው ግን ለሰው ጤና አሳቢ ናቸው። ጉድጓድ አስቆፈሩ፤ ሁሉንም በመዶሻ አሰባብረው ቀበሩ። ይሄንን በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ወረቀቱ ከሞላ ጎደል ልክ ነው፤ «መድልዎን በመቃወም» የሚለው ላይ ስደርስ ብቻ ብዕሬ ትንሽ ያዳልጠዋል።

የመንግሥት ግዢ ያኔም እንደ ዛሬው ነበርና አዲስ ኩባያ እስኪመጣ ሁለት ወር ፈጀ። በዚያ ሁለት ወር ተማሪው ሁሉ ውሃ የሚጠጣው በመዳፉ ነው። ይሄን ነግረውሻል? አልነገሩሽም? ታዲያ መዳፎቹን ከየት አመጣሻቸው... ይገርማል። የኛ አባቶች በሰው ደጅ ውሃ ሲለምኑ ዕቃ አይሰጣቸውም ነበር፤ ከላይ ይንቆረቆርላቸዋል፣ በመዳፋቸው ይቀበላሉ። ያን ሁለት ወር የኮሌጁ ልጅ ሁሉ፣ የባላባቱም የነጋዴውም፣ ተሰልፎ መዳፉን ዘርግቶ ጠጣ። እኛ ሦስታችን ጠብታ ሳናፈስ እንጠጣለን፤ የሌላው እጅጌ እስከ ክርኑ ይርሳል። በኋላ «እናንተ እንዴት ነው የምትይዙት?» እያሉ ይጠይቁን ጀመር። ጣት ከጣት ማጣበቅ፣ አውራ ጣትን ወደ ውስጥ ማጠፍ... አስተማርናቸው። በዚህ ግቢ የማንጆ ልጅ ያስተማረው የመጀመሪያው ትምህርት ይሄ ነው። እንዲህ ያለ እኩልነት ያመጣልን ማን ነው? እሳቸው አይደሉም? ራሳቸው ግን አልተካፈሉትም፤ ትሑት ስለሆኑ የቤታቸውን ኩባያ በፌስታል ቋጥረው ይመጡ ነበር።

ጋሼ፣ አገጭዎ ትንሽ ዝቅ አለ መሰለኝ። መክሊት፣ አስተካክያቸው። እንዲያ። ፀሐይ ነው ያቀላዎት? ቀዩ በዛ ብለሽ እንዳትቀንሺ መክሊት፤ እንዳዩት መሳል ነው ጥሩ።

ታዲያ ይሄ ሁሉ ኩባያ ተሰብሮ ጥፋተኛ ሊጠፋ ነው? አስካለች በማግስቱ ተባረረች። ግን አጣቢ ብቻዋን አይበቃም፤ ከጀርባዋ የገፋት አለ ተባለ። ሦስታችንን ጠረጴዛ ፊት አቆሙን። እሳቸው ኮስተር ብለው «ምልክቱን ማን አስጠፋው?» አሉ። ሃያ አንድ ዓመቴ ነው... ሳቅ መጣብኝ። ልይዘው ሞከርኩ፤ አንዳንድ ሳቅ እንደ ሳል ነው፣ አይያዝም። ሳቅኩ። በቃ፣ አጥፊው ተገኘ። እንዲህ ፈጥኖ የተጣራ ጉዳይ በኮሌጁ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም የለም። ሁለቱ ጓደኞቼ ተመርቀው ወጡ፤ አንዱ ዛሬ ማሻ ዳኛ ነው። ደስ ይለኛል።

አባቴ ወሬውን ሲሰማ ጫካ ገብቶ ማር ቆርጦ፣ በቅል ሞልቶ፣ ሁለት ቀን በእግሩ መጣ። ቢሮ አልገባም፤ ሣሩ ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። እሳቸው ራሳቸው ወጥተው አነጋገሩት። ከሦስት እርምጃ ላይ ቆመው፣ ግን አነጋገሩት። ማሩንም ተቀበሉት። ይሄን ስናገር የማያምኑኝ አሉ፤ የማንጆ እጅ የነካው ኩባያ ተሰብሮ የማንጆ እጅ የቆረጠው ማር እንዴት ይበላል ይሉኛል። ለምን አይበላም? እሳቸው እኮ ግትር አይደሉም። ቅሉን እንኳ መልሰውለታል። አባቴ እስኪሞት ድረስ «ማሩን ወስደዋል፤ ይጠሩሃል» ይለኝ ነበር። ቀኑን አላወቀም እንጂ... ተጠራሁ።

እሳቸውም ከዚያ ወዲህ አድገዋል። ምክትል ሆኑ፣ ዋና ሆኑ፣ በክብር ጡረታ ወጡ፣ አሁን የዚህ ግድግዳ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። በየዓመቱ በብሔር ብሔረሰቦች ቀን የኛን ባህል ልብስ ለብሰው ከፊት ሲጨፍሩ ብታዪ ማንም ያስለመዳቸው አይመስልሽም። ልብሱ አዲስ ነው። ከኛ አልተዋሱም።

ወደ ፊርማው ልመለስ፤ ሰዓቱም ሄደ። ትናንት ወረቀቱን ፊቴ አስቀምጬ ብዕር አነሣሁ። ቆይ አልኩ፤ የኔ ፊርማ ምን ክብደት አለው? የገጠር አስተማሪ ነኝ፣ ማኅተም የለኝ። ለእንዲህ ያለ ግድግዳ የሚመጥን፣ ቁጥርና ቀን ያለው፣ የደፋሩ ሰው የገዛ ፊርማ ያረፈበት ምስክርነት እያለ የኔን ማን ያነባል? ጥንቁቅ ናቸው ብዬሽ የለም? ምክንያት ሳይጠቅሱ ደብዳቤ አይጽፉም። ማህደሬ ውስጥ ያለው ቅጂው ነው፤ ዋናውን ያኔ ለኔ ነበር የሰጡኝ። እንኪ፣ መጀመሪያ እጅሽን ጥረጊ። ላንብብልሽ፤ በቃሌ ነው የማውቀው።

«ተማሪ ኢሳይያስ፤ ለማንጆ ተማሪዎች በቀይ ቀለም ተለይተው የነበሩ ሦስት ኩባያዎች ምልክታቸው ጠፍቶ ከሌሎቹ ጋር እንዲቀላቀሉ በማድረግህ፣ ኮሌጁ አንድ መቶ ሃያ ኩባያዎችን ሰብሮ ለመቅበር ተገዷል። ስለሆነም ከዛሬ ጀምሮ ከትምህርትህ ተሰናብተሃል።» ቀጥሎ ስም አለ፤ እሱን አላነብም፣ ስም አላነሣም ብያለሁ። ከዚያ ፊርማ፣ ክብ ማኅተም። ግልባጭ ለመዝገብ ቤት፣ ግልባጭ ለወጥ ቤት። ለወጥ ቤት፣ መክሊት... ሰው ሲጠነቀቅ እስከዚህ ነው።

ኩባያዎቹን ማን እንደሰበረ፣ ለምን እንደሰበረ፣ ሁሉም አለበት። ርዝመቱም ኮሚቴው ከጻፈው ብዙ አይበልጥም፤ ቦታ አያጣብብብሽም።

ደብዳቤዋ ከማህደሬ ትውጣ እያልኩ ሃያ ስምንት ዓመት ለመንኩ። ትናንት ግን ወጥታ የት ትሄዳለች ብዬ አሰብኩ። ወደ እሳት ነው የምትሄደው። እኛ እዚህ ግቢ ውስጥ ምን እንደነበርን በማኅተም የሚናገር ወረቀት ደግሞ በመዝገብ ውስጥ ከሷ ሌላ የለም። እዚያው ትቀመጥ። ርዕሰ መምህርነቱም ይቅር፤ ጠመኔ ይዤ ማርጀቱን ለምጄዋለሁ። የኮሚቴውን ወረቀት ይኸው፣ አልፈረምኩም። ብሩሽሽን ጥረጊበት፤ ወፍራም ወረቀት ነው፣ ደህና አድርጎ ይመጥጣል።

ፊቱን ግን እንዳትተይው አደራ። አንዳንድ ሰው ይሄን ሲሰማ ፊቱን አጥፊው ይልሽ ይሆናል፤ እኔ አልልም። ስንት ቀን የተደከመበት ፊት ነው። ሽበቱን፣ ግንባሩን፣ ያቺን የደግነት ፈገግታ አሳምረሽ ሳዪያት፤ ከመንገድ የሚያልፍ ሰው ሳይቀር ማን እንደሆኑ ይወቅ። ደብዳቤዋ ከሥር ትሁን፣ ፊርማው ከነጥምዝምዙ።

ምነው ገመዱን ወጠርሽ? መስመር ልትለኪ ነው? ... ጎበዝ። ፊደሉ ጎላ ይበል። እዚያ ላይ ከፊርማው ቀጥሎ ትንሽ ቦታ ተይ፣ ማኅተሙ ክብ ስለሆነ ይሻማል። ጋሼ፣ ተነሡ እንዴ? ይቀመጡ እንጂ፤ አፍዎ አልቋል፣ ጆሮዎ ግን ገና አልተሳለም።

እሺ፣ እኔ ልሂድ፤ የሸዋ ቤንች መኪና ያመልጠኛል። ለዚያ ላልኩሽ ሰው ቂም የለኝም። ቂም ቢኖረኝ እመርቃቸው ነበር? ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጣቸው። ዓይናቸው አይፍዘዝ፣ ጉልበታቸው አይዛል። ፊደል የምትቆጥር የልጅ ልጅ ትኑራቸው፤ በሰንበት እጃቸውን ይዛ እየጎተተች እዚህ ግድግዳ ፊት ታቁማቸው፤ ሽቅብ አይታ «አባባ፣ አንተ ነህ አይደል?» ብላ በሳቸው ትኩራ። ከዚያ «ከሥሩ ምን ይላል? አንብብልኝ» ስትላቸው... እግዚአብሔር ሳይቸኩሉ፣ ቃል ሳይዘሉ፣ እስከ ፊርማው ድረስ የሚያነቡላት ጤነኛ ምላስ ይስጣቸው።